ሦስተኛው ጉድጓድ ይረፍ

ሰኞ

ዛሬ ደግሞ እስከ ቤቴ መጡ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ሸምሱ፣ የሕንጻችን ባለሱቅ፣ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው የሁለተኛ ፎቅ ሴቶች ባዶ ጄሪካን አንጠልጥለዋል። ጄሪካኑን ለምን እንዳመጡት አልገባኝም። ለማስረጃ ይመስለኛል።

"ሰናይት፣ እስኪ አንድ ነገር አስረጂኝ" አለ ሸምሱ። "ሰማዩ እንዲህ ውሃ እየደፋ ቧንቧ የሚደርቀው በየት አገር ነው?"

ገላን ኮንዶሚኒየም ነዋ፣ ልለው አሰኘኝ። ምላሴን ያዝኩ። ከጀርባው ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ ነው። ሰውየው እውነቱን ነው፣ ከውጭ ላየው ሰው የእብድ ሥራ ይመስላል።

አስረዳሁ። እንደገና። አንዷ መሃል ላይ አዛጋች።

ለራሴም እንዲጠራልኝ እዚህ ልጻፈው። የሰፈራችን ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ባለፈው በጋ ጉድጓዱ አሸዋ መትፋት ጀመረ፤ ውሃው ወርዶ ወርዶ ሞተሩ ከሥር እየጋጠ ነው ማለት ነው። ድሮ ሐምሌ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ያካፋ ነበር፤ መሬቱ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። አሁን ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣና አንዴ ይዘረግፈዋል። የቃሊቲን አስፋልት አጥለቅልቆ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ አለቀ። መሬቱ አልቀመሰውም። እኛ ግን የድሮውን ልማድ አልለቀቅንም፦ ክረምት ገባ፣ ፈረቃው ይላላ፣ ሞተር ሁሉ ይነሳ። እኔ ያልኩት ተቃራኒውን ነው። በክረምት ግድቦቹ ሲሞሉ ከግድብ እንጠጣ፤ ጉድጓዶቹ ይረፉ፤ በበጋ ግድቡ ሲጎድል እነሱ ይድረሱልን። የግድቡ መስመር እኛ ጋ የሚደርሰው በፈረቃ ስለሆነ ክረምቱን ትንሽ እንቸገራለን። ወንጀሌ ይሄው ነው።

ኃላፊዬ ለሙከራ የመረጠው ደግሞ የትኛውን ነው? ሦስተኛውን። የራሴን ሰፈር። "ያንቺ ሐሳብ አይደል? ቅመሺዋ!" አለኝ እየሳቀ። ሞተሩ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ዓርብ ይለካል። ውሃው ከፍ ብሎ ከተገኘ ጉድጓድ ማሳረፍ የቅርንጫፉ መመሪያ ይሆናል። ካልሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ይነሳል፣ የሚመጣው በጋ ደግሞ ጉድጓዱን ይጨርሰዋል። ያኔ በፈረቃም የለም።

ስብሰባ ላይ "ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የተጣጣመ የውሃ አስተዳደር" እንላለን፣ ሰው ያጨበጭባል። እዚህ ደረጃ ስወጣ "ውሃ ያዘጋችው ሴትዮ" ነኝ።

ባሌ ታደሰም አላገዘኝም። "የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አገባሁ ብዬ ጓደኞቼ ፊት ስንቀባረር ነበር። ይኸው በጆግ እታጠባለሁ" ይለኛል። ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ዓርብ ምነው ራቀ።

ማክሰኞ

ቀድሞ ጮኸ! ቀድሞ ጮኸ!

ከቢሮ በፊት ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ። ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ ብሎኝ ግማሹን በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ካልሲዬ የጨርቅ መወልወያ ሆኗል። መለኪያ ገመዱን ቀስ እያልኩ ወደ ታች ለቀቅኩት። ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮሃል። ካለፈው ሳምንት ቀድሞ ጮኸ። ተሳስቼ እንዳይሆን ስቤ ደግሜ ለቀቅኩት። እዚያው ላይ። ውሃው ከየጎኑ እየተሰበሰበ ወደ ላይ እየመጣ ነው፤ ዝም ብለው ቢተዉት ይመጣል።

ሞተሩን የሚጠብቀውን ደረጀን አቀፍኩት። ልጁ ደነገጠ።

"እስከ ዓርብ ማንም እንዳይነካው" አልኩት።

"ምን ሆነሻል ሰኒዬ፣ እኔ አለሁ አይደል?"

ደረጀ ደግ ነው። ሲበዛ ደግ። ዘበኛው ጉንፋን ይዞት ኮቱን ሰጥቶት ራሱ በሸሚዝ ቆሟል።

ቀኑን ሙሉ ፊቴ በርቶ ዋለ። ቢሮ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ነገርኩ። ከዚያ ማምሻውን ደረጃ ስወጣ ጩኸት ሰማሁ። ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ጋሽ ወርቁ አረፉ።

ታመው ከርመዋል፣ ይጠበቅ ነበር፤ ግን ይጠበቅ የነበረ ነገርም ሲመጣ ያስደነግጣል። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ልጄን ያሳደጉልኝ ሴት ናቸው። ሥራ ስሄድ ጠዋት አስረክባቸው ነበር፣ ማታ ጠግባ ታጥባ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ፊታቸው ተለውጦብኝ አያውቅም። ይዣቸው አለቀስኩ።

ረቡዕ

ቀብር። ዝናቡ ለሥርዓቱ ያህል እንኳ ፋታ አልሰጠንም።

ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበርና ትልልቅ ድስቶች መጥተዋል። ድስቶቹ ባዶ። ለንፍሮው፣ ለእጅ፣ ለዕቃው ውሃ ያስፈልጋል፤ ፈረቃችን ደግሞ ቅዳሜ ነው። አውቄው ነበር። ከቀብሩ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሟቹን አይደለም።

ሸምሱ የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊም ነው። ወደ ዳር ጠራኝ። ዛሬ አልጮኸም፣ ይሄ ደግሞ ባሰ።

"ሰናይት፣ የሰኞውን ተዪው። አሁን ለቅሶ ነው። ሞተሩን አስነሺልን።"

"አልችልም ሸምሱ። እስከ ዓርብ ብቻ።"

"አንቺ እኮ አንድ ስልክ ብትደውዪ ያልቃል።"

"ስለሚያልቅ ነዋ የማልደውለው!"

ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ንፍሮ የምትለቅመው ሴትዮ ቀና ብላ "ሰው ሞቶ እስከ ዓርብ ትላለች" አለች። እትዬ ዘነበች ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ አዩኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጭ ወጥቼ ቦቴ እንዲልኩልኝ ቢሮ ደወልኩ። ቦቴዎቹ በሙሉ ጎርፍ የገባባቸው ሰፈሮች ሄደዋል። ውሃ ለበዛባቸው ሰዎች የሚጠጣ ውሃ ሊያደርሱ! መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ያየኝ ሰው አበደች ብሎ ይሆናል።

ከዚያ ምን አማራጭ አለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤት ለቤት ሄድኩ። እያንዳንዱ ቤት በርሜል አለው፣ እኔም አለኝ። ዱቄቱ፣ ወጡ፣ ገንዘቡ ለለቅሶ ይዋጣል፤ ውሃ ግን ይዋጣል ብሎ ያሰበ የለም፣ ከቧንቧ የሚመጣ ነገር ነዋ። "አንድ አንድ ጄሪካን" እላለሁ። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። አንዱ ሽማግሌ በግማሽ የተሞላ ባልዲ ሰጡኝና "ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ለዘነበች ነው" አሉኝ። እሺ አባቴ፣ ለማንም ይሁን። ሸምሱ ከሱቁ የታሸገ ውሃ አወጣ፣ በዝምታ ከአጠገቤ አስቀምጦ ሄደ። የራሳችንን በርሜል እኔና ታደሰ አሟጠን አወረድነው። ታደሰ ስለ ጆጉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለማታው በቃ። ለነገ አላውቅም። ወገቤ ተቆርጧል።

ሐሙስ

ምን ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም።

ጠዋት በቧንቧው ድምፅ ነው የነቃሁት። ውሃ! ፈረቃችን አይደለም፣ ውሃው ግን እየተንዶቀዶቀ ይወርዳል። ኮሪደሩ በባልዲ ኳኳታ ተሞላ። ስወጣ ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልኛል። ትናንት በር የዘጋችብኝ ሴት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ንፍሮ ለቃሚዋ "አይ አንቺ፣ እንዲህ ልታደርጊ ነው ያ ሁሉ ክርክር?" አለችኝ።

ድንኳን ገባሁ። እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው ሳሙኝ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ትናንት ክፉ ነገር አስቤብሽ ነበር፣ ይቅር በዪኝ።"

በቁሜ ሞትኩ። አሜን አልኩ። አሜን ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ሹልክ ብዬ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

ገና ከሩቅ ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማል። ደረጀ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ተቀበለኝ።

"ከማታ ጀምሮ ነው ያስነሳሁት። ለቅሶው ያንቺ ጎረቤት ቤት መሆኑን ሰማሁ። በይሉኝታ አፍረሽ እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ አንቺ እምቢ ያልሽው ለቢሮው ነው ብዬ … እኔው ጨረስኩልሽ።"

ጨረሰልኝ! ደሜ ፈላ። የማይረባ ነገር ተናገርኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ልጁ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ግን ማን ያስብ ነበር? እምቢ ስል እሺ ማለቴ እንደሆነ ተርጉሞ፣ እኔን ከሐፍረት ሊያወጣኝ! ደግሞ ልውቀሰውም አልችልም። እዚህ አገር ስንት ሰው ነው "አይ፣ አልበላም" እያለ ጎርሶ የሚሄደው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ አልደብቅም። ሙከራው ከተበላሸ ተበላሽቷል። ታዲያ ሞተሩ እስከ ማታ ቢሄድስ? ለቅሶው በወጉ ይውላል፣ እትዬም ይመርቁኛል፣ እኔም የቀረው አንድ ቀን ነው እላለሁ። እጄን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ያ አሸዋ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው በጋ ብርጭቆ ውስጥ ሲዘቅጥ ያየሁት። አጠፋሁት።

ቆይቼ ለካሁ። ገመዱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ … ማክሰኞ የጮኸበትን አልፎ ሄደ። ደረጀም እኔም አልተያየንም።

ድንኳኑ ስመለስ ቧንቧው ቆሟል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አልጠበቅሁም፣ ቆሜ ተናገርኩ፦ ውሃውን የላክሁት እኔ አይደለሁም፣ ምርቃቱ አይገባኝም፣ አሁን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከሰዓት ዝናቡ እንደገና ወረደ። የድንኳኑ ጣራ ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ተነፋ፤ ወንዶቹ እንደ ወትሮው በእንጨት ገፍተው መሬት ላይ ሊደፉት ሲሉ "ቆይ! ቆይ!" ብዬ የሸምሱን በርሜል ከሥሩ አንከባለልኩ። ሞላ። ለዕቃ ማጠቢያ ሆነ። ማንም አላመሰገነኝም፣ ግን ሁለተኛ በርሜል ያመጣ ሰው ነበር።

ዓርብ

ኃላፊዬ ፊት ቀረብኩ። ምንም ሳልቀባባ ነገርኩት። ማክሰኞ ውሃው ከፍ ብሎ ነበር፣ ረቡዕ ማታ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ወረደ። ደረጀን እንዳይቀጣው ለመንኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"እንግዲህ ሙከራው ፈርሷል። ነገ ሞተሩ ይነሳል።"

"እስከ ጳጉሜ ይስጡኝ። ሳይነካ።"

"ሰናይት፣ ሰፈርሽ ስልኬን ሊያቃጥለው ነው! ሰው የማይቀበለውን መመሪያ ምን ላደርገው? ወረቀት ሆኖ ሊቀር? እስከ ማታ ሰፈርሽን አሳምኚና እናያለን።"

ሰፈሬን! ምነው ባሕሩን ክፈዪ ባለኝ።

ዛሬ ሳልስት ነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሳሁና ጠየቅኋቸው። እስከ ጳጉሜ፣ በፈረቃ ብቻ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው፣ የስብሰባውን ቋንቋ ትቼ፦ አሁን ካላረፈ በመጋቢት ይሞታል፣ ከሞተ ሌላ የለንም።

ጉርምርምታው ተጀመረ። "ልብስ በምን እንጠብ?" "ሕፃን ያለው ምን ይሁን?" "መንግሥት ሌላ ይቆፍርልን!" ሸምሱም ተነሳ፦ "ሰናይት፣ እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፣ ሽንት ቤቱን …" ሲል ከፍራሹ ላይ ድምፅ መጣ።

እትዬ ዘነበች ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶና ከትናንቷ ምርቃት በስተቀር ድምፃቸው ያልተሰማ ሴት።

"እኔ ባሌን በጄሪካን አልቅሼ ቀበርኩ" አሉ። "እናንተ ልብሳችሁን በጄሪካን ማጠብ ያቅታችኋል?"

ነጠላቸውን ከፊታቸው መለስ አደረጉ።

"ትናንት ሰው እያመሰገናት ልትቀበለው ትችል ነበር፣ ማን ያውቅባታል? ቆማ ተናገረች። እኔ እሷን አምኛለሁ። ይረፍ። ሰውየውም አርፏል፣ ጉድጓዱም ይረፍ።"

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንፍሮ ለቃሚዋ አቀርቅራ ንፍሮዋን ለቀመች። ሸምሱ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"የኃላፊዬን ቁጥር ልስጥህ?" አልኩት።

"አለኝ" አለ ሳያየኝ። "ሳምንቱን ሙሉ ስደውልለት አልነበር?"

ቅዳሜ

ሞተሩ አልተነሳም። ጠዋት ሄጄ አረጋገጥኩ። ደረጀ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ ከሥራ ግን አልተባረረም። አኩርፎኛል፤ ሰላምታዬን በአገጩ መለሰልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "ሁለተኛ ደግ አልሆንም" አለኝ፤ ይሄን ሲለኝ ለዘበኛው ሻይ እየቀዳ ነበር።

ለካሁ። ገመዱ ከሐሙሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ጮኸ። ትንሽ። በአንድ ቀን ምንም አይባልም። ደስ ልሰኝ ወይስ ልፍራ አላወቅሁም፣ ሁለቱንም ሆንኩ።

መልስ ላይ እትዬ ዘነበች ጋ ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ድንኳኑ ፈርሷል። ጎናቸው ተቀመጥኩ። የጋሽ ወርቁ ጋቢ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ለመሆኑ፣ እውነት ይሞላል?"

ልዋሽ እችል ነበር። ሐዘንተኛ ናቸው፣ ማጽናናት ወግ ነው።

"አላውቅም እትዬ።"

"አላውቅም?!"

"ዝናቡ እንዲህ እየተዘረገፈ ካለፈ … ሊሞላ ይችላል፣ ላይሞላም ይችላል። ካላሳረፍነው እንደሚሞት ግን አውቃለሁ። የማውቀው ያን ብቻ ነው።"

ጉልበቴን በመዳፋቸው መቱኝ፣ ያማል።

"ምን ጉድ ነሽ አንቺ! እኔ እኮ አውቀሽ መስሎኝ ነው ያን ሁሉ ሰው የተቆጣሁልሽ!"

ፊታቸውን አየሁት፤ ቆጣ ብለዋል፣ ግን ዓይናቸው ጥግ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ያላየሁት። ሳቅ ነው ለማለት አልደፍርም። ኩሽና ውስጥ ቧንቧው አየር እየተፋ መንኳኳት ጀመረ፤ ፈረቃችን ነው ዛሬ።

"ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ሳይሄድ ባልዲውን አምጪ!" አሉኝ።

ተነሳሁ።